«ዛሬ አይሆንም» ያሉኝ ሰው

ዓይኔ መታመሙን መጀመሪያ ያወቅሁት በስልክ ብሎን ነው። ምሥራቅ ሱዳን፣ ሾዋክ ከተማ፣ ሱግ በሚሉት ገበያ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በዓም ዑስማን ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ፤ ዓም ማለት አጎት ነው። የስልክ ብሎን ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። አንድ ቀን አራት ብሎኖች ፈትቼ ማግኔቱ ላይ አስቀመጥሁና ልመልሳቸው ስል እያንዳንዱ ከጎኑ ደብዛዛ መንታ አበጅቶ ጠበቀኝ። ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። መንታው አልሄደም። የደከመኝ መስሎኝ ሥራዬን አቋርጬ ወደ ቤት ሄድሁ።

ይህን የምጽፈው ዓይኑን እያሸ «አቧራ ነው» ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። እኔም ሁለት ዓመት ያህል አቧራ ነው ስል ኖሬያለሁ። ደግሞም ስለ ሁለት ሰዎች ሳልናገር መቅረት አልፈልግም።

ስሜ ፋንታነሽ ይባላል። ሱዳኖቹ አሳጥረው «ፋንታ» ስለሚሉኝ ሐኪም ቤት ስሜ በተጠራ ቁጥር ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ለስላሳ መጠጡ ትዝ ብሎት ፈገግ ይላል። ስልክ መጠገን የተማርሁት ጎንደር ነው። ከዚያ በመተማ በኩል ተሻግሬ ሾዋክ ያለችው እህቴ ዘንድ ገባሁ። ዓም ዑስማን ሲቀጥሩኝ ሴት መሆኔን አልጠሉትም። የሰፈሩ ሴቶች ፎቷቸውን ወንድ እንዲያይባቸው ስለማይፈልጉ ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ሱቄ ሰርግ ቤት መስሏል» ይሉኝ ነበር።

ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል። ሾዋክ ደግሞ ሀቡብ ሲነሳ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ሰማይና ምድሩ አንድ ቀይ ነገር ይሆናል። በጣቴ አንጓ ተጭኜ ሳሸው እፎይ እል ነበር። ያ እፎይታ ምን እያደረገኝ እንደነበር ማን ይነግረኛል?

ፋርማሲው «አለርጂ ነው» ብሎ ጠብታ ሰጠኝ። ማሳከኩ ታገሠ፤ እይታዬ ግን አልተመለሰም። አንድ ክሊኒክ ትራኮማ ጠርጥሮ ቅባት አዘዘልኝ። ሌላው ብዙ ስልክ ስለማይ እንደሆነ ነግሮኝ «እረፊ» አለኝ። ከዚያ መነጽር ሠሪው ዘንድ ሄድሁ። የሠራልኝ መነጽር ለሁለት ወር ያህል ደህና ነበር፤ ከዚያ አልሠራ አለኝ። ሌላ ሠራልኝ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲያስረክበኝ ራሱም ግራ ገብቶት፣ «ዓይንሽ እንደ ሕፃን ልጅ እግር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ቁጥር ይቀይራል» አለኝ።

እህቴ እትዬ ማሬ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ሰሊጥ የሚበጠርበት መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

«የሰው ዓይን ነው የበላሽ» አለችኝ። «ወንድ የሚሠራውን ሥራ እየሠራሽ ስንቱ ቆሞ ያይሻል። ገንዘብሽን ለመነጽር ሠሪ ከምትገብሪ አገር ቤት ገብተሽ ጠበል ተጠመቂ።»

«መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ በየት ልግባ?»

«እሱ ሲከፈት ነዋ» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ። በዚያ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተኳረፍን አልቆጥረውም። እሷም ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷ ግን የሚወጣው በቁጣ ነው።

ነገሩ የከረረው በአንዲት ሴት ስልክ ምክንያት ነው። በካርቱሙ ጦርነት ከኦምዱርማን ተፈናቅላ ሾዋክ የምትኖር አስተማሪ ናት። ስልኩ ውስጥ የቤቷና የቤተሰቦቿ ፎቶ አለ፤ ሌላ የተረፋት ነገር የለም። የባትሪውን መያዣ ልበይድ ጎንበስ ስል ሁለት መያዣ ታየኝ። ብየዳውን ያሳረፍሁት በሐሰተኛው ላይ ነበር። የስልኩ ሰሌዳ ተቃጠለ። አስተማሪዋ ስትሰማ «ማሌሽ፣ ያ ብንቲ፤ አይዞሽ ልጄ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

ዓም ዑስማን በማግስቱ ሱቁን አልከፈቱም። «ገዳሪፍ ከካርቱም የተፈናቀለች የዓይን ሐኪም አለች ይላሉ፤ ተነሽ» ብለው አውቶቡስ ላይ አሳፈሩኝ፤ እሳቸውም አብረውኝ ሄዱ።

ክሊኒኩ የኪራይ ቤት ነው፤ ወረፋ የሚጠበቀው ግቢው ውስጥ ካለ የኒም ዛፍ ሥር ነው። ማሽላ ገበሬዎች ነበሩ፣ ከካርቱም የሸሹ ሰዎች ነበሩ፣ ከመጠለያ ጣቢያ የመጡ የትግራይ እናቶችም ነበሩ። ከእነሱ አንዷ፣ በሐምዳይት ድንበር በኩል የገቡ ሴትዮ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከሾዋክ ስላቸው ፀሐዩን ቀና ብለው አዩና የወረፋ ቁጥራቸውን እጄ ላይ አደረጉልኝ። «እኔ የማድረው እዚሁ ዘመድ ዘንድ ነው፤ አንቺ መኪና ያመልጥሻል» አሉኝ በአማርኛና በትግርኛ ቀላቅለው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ሐኪሟ ዶክተር ሰልማ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። መነጽሮቼን አንድ በአንድ አየቻቸውና ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው።

«ወደ ታች ተመልከቺ» አለችኝ። ወደ ታች ሳይ ከጎን ሆና በስልኳ ፎቶ አነሳችኝና ስክሪኑን አስፍታ አሳየችኝ። የታችኛው የዓይኔ ቆብ መሃሉ ላይ፣ ከውስጥ አንድ ነገር እንደሚገፋው፣ ወደ ውጭ ሾሎ ነበር። ከዚያ አገጬን ማሽን ላይ አስደግፋ የዓይኔን ካርታ አወጣች። ልክ እንደ ተራራ ካርታ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ ገደል የሆነው ቦታ ነው አለችኝ። ቀኝ ዓይኔ መሃሉ ቀይ ብቻ ነበር።

«ከዓይንሽ ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋ ጥርት ያለ ሽፋን አለ፤ ኮርኒያ ይባላል» አለችኝ። «ያንቺ ሳስቷል። ሲሳሳ ከውስጥ ያለው ግፊት ወደ ፊት ያሾለዋል። የሾለ መስታወት ደግሞ ብርሃን ይበትናል፤ አንዱን ሁለት አድርጎ የሚያሳይሽ እሱ ነው። በሽታው ኬራቶኮነስ ይባላል። ማሸትሽ አባብሶታል።»

«እታወራለሁ?»

«ዝም ከተባለ እይታሽ እየወረደ ይሄዳል። በመጨረሻ ሌላ ሰው የለገሰው ኮርኒያ ያስፈልግሻል፤ እሱን ደግሞ ዛሬ እዚህ አገር አላገኝልሽም። ግን ባለበት ማቆም ይቻላል።»

«የት ሄጄ?»

«እዚሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል።»

ሕክምናው ምን እንደሆነ ስትነግረኝ ሳቅሁ። እንዲህ ነው፦ ወተትና እንቁላል ውስጥ ከሚገኝ ቫይታሚን የተሠራ ቢጫ ጠብታ ዓይን ላይ ይንጠባጠባል። ሽፋኑ ጠብታውን ከጠጣ በኋላ ሐምራዊ ብርሃን ይበራበታል። ብርሃኑ ቫይታሚኑን ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰው ቫይታሚን የሽፋኑን ክሮች እርስ በርስ ያስራቸዋል። የላላው ይጠነክራል፤ መሾሉም ይቆማል።

«ምን አሳቀሽ?» አለችኝ።

«እኔም እኮ ይህንኑ ነው የምሠራው» አልኋት። «የስልክ መስታወት የምናጣብቅበት ፈሳሽ አለ፤ ሐምራዊ መብራት ሲበራበት ይጠነክራል።»

ዶክተር ሰልማ በሩን ከፍታ «ኡስታዝ፣ ይህችን ልጅ ይስሟት» ብላ ተጣራች። ኡስታዝ በሺር ገቡ። ኡስታዝ የሚሏቸው ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ስለነበሩ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። የነገርኋትን ስደግምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተቀራርበሻል» አሉኝ። «ግን ማጣበቂያሽ ብርሃን ቢበዛበት አይጎዳም። ዓይን ይጎዳል። ከሽፋኑ ጀርባ አንድ ጊዜ ከሞቱ የማይተኩ ሴሎች አሉ። ብርሃኑ ሲያንስ አይሠራም፤ ሲበዛ እነሱን ይገድላል። የእኔ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው።»

ብርሃኑን የሚሰጠውን መሣሪያ ከካርቱም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ይህን የነገረችኝ ዶክተር ሰልማ ናት፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም። ጦርነቱ ሲነሳ መጽሐፎቻቸውን ጥለው መሣሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ፍተሻ በፍተሻ አልፈው፣ ገዳሪፍ እስኪገቡ ከጉልበታቸው አላወረዱትም። ከጦርነቱ በፊት ሦስት ሆነው ምርምር ይሠሩ ነበር፤ እሳቸው ብርሃኑን፣ ዶክተር ሰልማ ዓይኑን፣ አሁን ካይሮ ያለ አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ደግሞ ጠብታውን። የሚፈልጉት ሽፋናቸው እንደ እኔ ለሳሳ ሰዎች ስንት ብርሃንና ምን ዓይነት ጠብታ እንደሚበቃ ማወቅ ነው። የእኔንም ልኬት ስሜ ሳይጻፍ መዝገባቸው ላይ ማስፈር ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። ፈቀድሁ።

ዶክተር ሰልማ አልደበቀችኝም። «ሽፋኑ ከአንድ ልክ በታች ከሳሳ ብርሃኑን አንሞክረውም። ቀኝ ዓይንሽ ልኩ ጫፍ ላይ ነው። ግራው ገና ጀማሪ ነው፤ ይጠብቃል። ቀኙን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንሥራው።»

በቀጠሮው ቀን እትዬ ማሬ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ መጣች። በልቧ አላመነችበትም፤ ብቻዬን ግን አትልከኝም። አልጋው ላይ ተጋደምሁ፤ የሚያደነዝዘው ጠብታ ገባልኝ። ኡስታዝ በሺር መብራቱን አብርተው የብርሃን መለኪያቸውን ከሥሩ አስቀመጡ። ይህን ከእያንዳንዱ በሽተኛ በፊት ያደርጉታል። ቆዩ። ደገሙት። ሠለሱት። ከዚያ መብራቱን አጠፉና፣

«ዛሬ አይሆንም» አሉ።

ዶክተር ሰልማ «ብርሃኑ ምን ያህል ቀንሷል?» አለቻቸው።

«ትንሽ ነው።»

ከዚያ ዶክተር ሰልማ ጓንቷን አወለቀች። «አይሆንም ካሉ አይሆንም። ተነሽ፣ ፋንታ።»

እትዬ ማሬ ሰምታ ከደጅ ገባች። ስትቆጣ ዓረቢኛዋ ይሰበራል። «ትንሽ ከቀነሰ ትንሽ ጨምረው ያቆዩባታ! ከሾዋክ ድረስ መጥተናል። ይህ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ዛሬ አይሆንም ምን ማለት ነው?»

ኡስታዝ በሺር አልተቆጡም። ዝቅተኛ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «እህቴ፣ ቀንሶ በዚያው የሚረጋ ቢሆን ኖሮ እንዳልሽው አስልቼ አቆየው ነበር። ይህ ግን አይረጋም። ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። የወጣ ጊዜ ስንት እንደሚደርስ አላውቅም። የማላውቀውን ብርሃን እህትሽ ዓይን ውስጥ አልከትም።»

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ማሬ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። እኔ የማስበው ያንን ልክ ብቻ ነበር። በጠበቅሁ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ ከልኩ ካለፈ መብራቱ ቢጠገንም ለእኔ አይሆንም። በልቤ ፈረድሁባቸው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፈሪ ናቸው አልሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ። ኡስታዝ በሺር ናቸው።

«ፋንታ፣ ቀጭን ብየዳ የሚሠራ መሣሪያ አለሽ አይደል?»

«አለኝ። ምን ሆኑ?»

«ብርሃኑ የሚዋዥቀው በርቶ ከቆየ በኋላ ነው። ሲበርድ ደህና ነው።»

ይህን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚመለስ ስልክ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። «ኡስታዝ፣ አምፖሉ አይመስለኝም» አልኋቸው። «የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። መኪና አንገጫግጮታል። ይዘውት ይምጡ።»

በማግስቱ መሣሪያውን ያንኑ ብርድ ልብስ አልብሰው ሾዋክ ወረዱ። ዓም ዑስማን ደንበኞቹን በሌላ ቀን እንዲመጡ ለምነው ሸኙና በሩን ገርበብ አደረጉት። ኡስታዝ ብርሃኑ እንዳይጎዳን ቢጫ መነጽር አደረጉልን፤ መብራቱን አብርተው መለኪያውን ከሥሩ አስቀመጡ። እስኪሞቅ ጠበቅን። ከዚያ እኔ በቀጭን እንጨት ሰሌዳውን ቦታ በቦታ መታ መታ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ቁጥሩን ያነባሉ። እንዲህ ነው ስንጥቅ የሚፈለገው፤ ዓይን ባያየውም ሲነኩት ይናገራል። አንዱ ጥግ ላይ ስነካው ቁጥሩ ዘለለ። ደገምሁት፤ ዘለለ።

«እዚህ ጋ ነው» አልሁ።

«በይጂው እንግዲህ» አሉኝ።

መበየጃውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። የዚያች አስተማሪ ስልክ ፊቴ ድቅን አለብኝ። «ኡስታዝ፣ እኔ አልችልም። ሁለት ነው የሚታየኝ። ይህን ባቃጥለው የእኔ ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አለ።»

«ግራ ዓይንሽስ?»

«ግራው ይሻላል።»

«ቀኙን ሸፍኚው። ጊዜ አለን። ቢበላሽም ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ።»

በመሐረብ ቀኝ ዓይኔን አሠርሁት። ማጉያው ሥር አጎንብሼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ የድሮውን ብየዳ አቅልጬ አነሳሁና አዲሱን አሳረፍሁ። ጤፍ የምታህል ነጠብጣብ ናት፤ አብረቅርቃ ተቀመጠች። ቀና ስል ልብሴ በላብ ርሷል። ኡስታዝ መብራቱን መልሰው አበሩት፤ እስኪሞቅ ጠበቅን፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

እኔ «ነገ ልምጣ?» ለማለት ዝግጁ ነበርሁ። እሳቸው ግን ማሽኑን ይዘው ሄዱና አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እያበሩ ለኩት፤ በሙቀት ለኩት፤ ጄኔሬተር ላይና ከሶላር በሚሞላ ባትሪ ላይ ለኩት። ባትሪው ይረጋል፤ በባትሪ እንሠራለን አሉ። ከዚያ ጠሩኝ።

ዶክተር ሰልማ ቀኝ ዓይኔን ስትለካው ፊቷ ተለወጠ። ሽፋኑ ከልኩ ትንሽ ወርዷል። እትዬ ማሬ የተባለው ሳይተረጎምላት ገባት፤ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ዶክተር ሰልማ ግን ስልኳን አንስታ ካይሮ ካለው ባልደረባቸው ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገረች። ጠብታውን ሲያቀጥኑት ሽፋኑ ውሃ እየሳበ ለጊዜው ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጀርባ አያሳልፍም። ካርቱም ሳሉ ያጠኑት ይህንኑ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቢጫው ጠብታ ተንጠባጠበብኝ። ከዚያ ቀጭኑ ጠብታ። ዶክተር ሰልማ እየለካች ቁጥር ትጠራለች፤ ኡስታዝ ይጽፋሉ። «ደረሰ» ስትል መብራቱ በራ። ሐምራዊ ክብ ብርሃን፣ በዙሪያው ጭጋግ የመሰለ ቢጫ። ሕመም አልነበረውም። በየጊዜው የሚሰማኝ የኡስታዝ ድምፅ ነበር፤ ያለፈውን ደቂቃ ይነግሩኛል፤ ቀጥለው «እንደረጋ ነው» ይላሉ። ብርሃኑን ማለታቸው ነው።

ሕመሙ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ዓይኔ ውስጥ የተፈጨ ጠርሙስ ያለ መሰለኝ። ማንም ይህን ሕክምና የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ይወቀው፤ ያልፋል። ዓይኔን ውሃ እንዳይነካው ታዝዤ ነበር። እትዬ ማሬ ያስቀመጠችው ጠበል ነበራት። ጠርሙሱን ይዛ አጠገቤ ቆማ ስታመነታ ሰማኋት። በመጨረሻ ጣቷን ነክራ ግንባሬን ብቻ ቀባችኝ። ያን ዕለት ኩርፊያችን አለቀ።

እይታዬ ወዲያው አልተመለሰም፤ እንዲያውም ለወር ያህል ባሰበት። ቀስ በቀስ ጠራ። ከአራት ወር በኋላ ግራውንም ተሠራሁ። ዶክተር ሰልማ በየሦስት ወሩ የዓይኔን ካርታ ታነሳለች፤ ኡስታዝ አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አድርገው ያስተያያሉ። አልተንቀሳቀሰም። ዓመት ሲሞላው «ቆሟል» አሉኝ። የተበላሸው ሁሉ አልተቃናም። ከፖርት ሱዳን በመጣልኝ ጠንካራ የዓይን ሌንስ ግን ብሎኑ አንድ ነው፤ መያዣውም አንድ ነው። እንደገና እበይዳለሁ።

አንድ ጊዜ ኡስታዝ በሺርን በልቤ ፈሪ እንዳልኋቸው ነገርኋቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። «ልክ ነሽ፤ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ዛሬም እፈራለሁ። ለዚያ ነው የምለካው።» በዚህ ሁሉ ችግር መሃል ምርምሩን ለምን እንደሚቀጥሉት ስጠይቃቸው ደግሞ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ረድፍ በረድፍ ቁጥር ነው፤ የካርቱሙ ከላይ፣ የገዳሪፉ ከታች። «እዚህ ላይ ካቆምን የእነዚህ ሰዎች ልኬት ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል» አሉኝ።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲከፈት የእትዬ ማሬ ልጅ ሕይወት ከአገር ቤት መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ዓይኗን ታሻለች። ለእህቴ ምንም ሳልናገር አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሁለቱም የሉም። እትዬ ማሬ ልጇን ይዛ ገዳሪፍ ሄዳለች። በሽታው በዘር ሊመጣ እንደሚችል ዶክተር ሰልማ ስትናገር ሰምታ ኖሯል። ካርታው ተነሳ፤ ከስድስት ወር በኋላ ተደገመ፤ ትንሽ ሄዶ ተገኘ። ሽፋኗ ግን ገና ወፍራም ነው፤ ያለ ምንም ጭንቀት ሊሠራ ይችላል ተባለ።

በዚያ ቀን እኔም አብሬ ነበርሁ። ሕይወት አልጋው ላይ ልትወጣ ስትል እትዬ ማሬ ክንዷን ያዘቻትና ወደ ኡስታዝ በሺር ዞረች።

«ኡስታዝ፣ ብርሃኑን ዛሬ ለክተውታል?»

«ለክቼዋለሁ፣ እህቴ።»

«በፊቴ ይለኩት።»

መብራቱን አበሩና መለኪያውን ከሥሩ አስቀመጡ። እህቴ ቁጥር አታነብም። ግን ጎንበስ ብላ የመለኪያውን መስኮት አየችው፤ ተነስታ ትንሽ ጠበቀች፤ እንደገና ጎንበስ ብላ የቁጥሩ መልክ ያው መሆኑን አየች። ከዚያ የልጇን ክንድ ለቀቀችና ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።